ቋጠሮ

ሄሌድ ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው ይበራል፤
ፍሬቻ ስታበራ የቤንዚን መርፌው ይርገበገባል።
«አሁንስ?» እላለሁ ከመኪናው ሥር።
«አሁንም ያው ነው፣ አጎቴ» ትላለች ልጅህ፣ ድምፅዋ እያፈረ፣
ጥፋቱ የእሷ ይመስል።

ሜይሪግ፣
ካንተ ወዲህ ሦስተኛ ክረምታችን ነው።
የሞሪስህን ዝገት ፍቄ፣ ቆርቆሮዋን በየዳሩ ቀብቼ፣
በሯን ገጥሜ፣ ወንበሯን አሰፍቼ፣
ቀረ የምለው ሽቦዋን ነበር።
ሽቦ ደግሞ የኔ ነው አልኩ፤
አርባ ዓመት የስልክ ምሰሶ ላይ ወጥቼ
በብላይናይ ተራራ፣ ዝናብ በጎን እየገረፈኝ፣
ሰውን ከሰው ያገናኘሁ፤
ካንተ ጋር ብቻ መስመሩ ተበጥሶ የቀረብኝ።

የፋብሪካው ሥዕል ግድግዳው ላይ ነው።
ቡናማው ከባትሪ፣ ነጩ ከቁልፉ፣
አረንጓዴው ፊውዝ አልፎ ለፍሬቻ፣
ቀዩ ለኋላ መብራት፣
ጥቁሩ ለመሬት።
ያንተን ብገልጠው
አረንጓዴ በሚያልፍበት ቀይ፣
ቀይ በሚያልፍበት ቡናማ፣
ደግሞ መሃል ላይ ልክ የገባ አረንጓዴ፤
እንደ ሰካራም ምስክር፣ አንዴ እውነት አንዴ ሐሰት።
«ዝርክርክ!» አልኩህ፣ በሞትክ በሦስት ዓመትህ፤
እንደ ድሮው።

ስለዚህ አረምኩህ።
እየቆረጥኩ፣ እየቀጠልኩ፣ በናስትሮ እየጠቀለልኩ።
ቁልፉን ሳዞር ፊውዙ ጧ አለ፤
የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ጋራዡን ሞላው።
ሄሌድ ሮጣ ባትሪውን ነቀለች፤
አንድ ቃል ሳይወጣት ሻይ ልትጥድ ገባች።

ስትመለስ የእጅ መብራቴ ደክሞ ነበር።
በጨለማው እጇን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰደደች።
«አጎቴ፣ እዚህ ክር አለ።
የታሰረ ክር። እዚህኛው ላይ ሁለት ቋጠሮ።
ቆይ፣ እዚህ ደግሞ ሦስት።»

ዳሰስኩት።
በሰም የታሸ የጫማ ሰፊ ክር።
ከባትሪ የሚነሳው፣ በጫፉም በጫፉም፣ አንድ፤
የፍሬቻው ሁለት፤ የኋላው መብራት ሦስት፤
አንዲት ሳትዛነፍ።
ያን ሁሉ ክረምት በዓይኔ ስሳሳት
ጣቴን ብጠይቀው ኖሮ።

ቀለም አትለይም ነበር።
ያኔ ባቡር ጣቢያ ሊቀጥሩህ ጠርተውህ
ከሐኪሙ ክፍል ወጥተህ «ሥራው አስጠላኝ» ያልከው፣
እኔም በእናታችን ፊት «ሰነፍ» ብዬ ያዋረድኩህ፣
ቀይ ፋኖስና አረንጓዴ ፋኖስ አሳይተውህ ነበር።
እንጆሪ ስንለቅም ጥሬውን የምትሰበስበው፣
እኔ የምስቅብህ።
ምን ብለህ ትንገረኝ?
ወንድምህ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ
እያንዳንዱን ሽቦ በቀለሙ ሲጠራ፣ ሲኩራራ።

የቀጠልኩትን ፈታሁ። ያንተን መለስኩ።
ያንተ ሥራ ሁሉ ደህና ነበር።
ሳንካው አንዲት ብሎን ናት፣ ከኋላው ጎማ በላይ፣
መብራቶቹ ሁሉ መሬት የሚነኩባት፤
አምና እኔው ራሴ፣ ለማሳመር ብዬ፣
ቀለም የደፈንኩባት።

መመለሻ ያጣ ኮረንቲ አርፎ አይቀመጥም፤
የጎረቤት ደጅ ሳያንኳኳ አያድርም።
በፍሬን ቢልኩት በፍሬቻ ይወጣል፣
ፍሬቻው ቢጠበው መርፌ ያንቀጠቅጣል፤
ከእብደት አይደለም፣
መሬት ስለነሱት ነው።

በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኳት፣ ብረቷ እስኪነጣ።
አጠበቅኳት።
«አሁንስ?»
«አሁን ፍሬኑ ፍሬን ሆነ» አለች ሄሌድ፣
እግሯን ሳታነሳ፣ ረጅም ጊዜ።
ብርሃኑ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ተኛ።
ቀይ ነው፣ ሜይሪግ።
ላንተ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤
አንድም ቀን አልጠየቅኩህም።

ትናንት ለጭጋግ መብራቷ አዲስ ሽቦ ዘረጋሁ።
ሱቁ የነበረውን ቀለም ነው የገዛሁት።
ጫፉ ላይ፣ ልጅህ ሰሙን ይዛልኝ፣
አራት ቋጠሮ አስሬበታለሁ።